የስድስት ወሩ ሸክም፦ የቲቢ ሕክምና በታካሚው አካልና መንፈስ ላይ

ቲቢ የሚድን በሽታ መሆኑን ዛሬ በጅማ ከተማም ሆነ በዙሪያዋ ባሉት ወረዳዎች የማያውቅ ሰው ጥቂት ነው። የጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያም፣ ቤት ለቤት የምትዞረው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛም የሚናገሩት ይህንኑ ነው፤ ቲቢ ይድናል፣ መድኃኒቱም ያለ ክፍያ ይሰጣል። ሁለቱም እውነት ናቸው። እምብዛም የማይነገረው መድኃኒቱ ከተጀመረበት ዕለት አንሥቶ ታካሚው "ድነዋል" እስከሚባልበት ቀን ድረስ ያሉት ስድስት ወራት በሰውነቱ፣ በኪሱና በመንፈሱ ላይ የሚያደርሱት ነገር ነው።

ይህ ዝምታ ጉዳት አለው። መድኃኒቱን በመሐል የተወ ሰው ሲገኝ ቶሎ የሚሰጠው ፍርድ "ቸልተኛ ነው፣ ምክር አይሰማም" የሚል ነው። እንዲህ ያለ ታካሚ ጨርሶ የለም አይባልም። ነገር ግን ከሚያቋርጡት መካከል ብዙዎቹ የሚያቋርጡት ሕክምናው ስለከበዳቸው፣ እንደሚከብድም አስቀድሞ የነገራቸው ስላልነበረ ነው ብሎ ማሰብ ለእውነቱ የሚቀርብ ይመስለኛል። የሕክምናው ክብደት የታካሚው የግል ችግር ተደርጎ እስከታየ ድረስ፣ ምክሩ ሁሉ "አደራ እንዳታቋርጥ" ከሚል ማስጠንቀቂያ አያልፍም።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በ2023 እ.ኤ.አ. በዓለም ዙሪያ 10.8 ሚሊዮን ሰዎች በቲቢ ታመዋል፤ 1.25 ሚሊዮን ያህሉ ሞተዋል። ኢትዮጵያ የቲቢ ጫና ከበረታባቸው 30 አገሮች አንዷ ናት፤ መድኃኒት የተላመደ፣ ማለትም የተለመዱት መድኃኒቶች የማያድኑት ቲቢ ከሚበዛባቸው አገሮች ዝርዝር ግን በ2021 እ.ኤ.አ. ወጥታለች። ለዚህ ውጤት ከሐኪሙና ከላቦራቶሪው እኩል የሚመሰገኑት በየማለዳው የመድኃኒት ፍሬያቸውን ሲውጡ የከረሙት ሰዎች ናቸው።

መደበኛው ሕክምና ሁለት ምዕራፍ አለው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ሪፋምፒሲን፣ አይሶኒያዚድ፣ ፒራዚናማይድና ኢታምቡቶል የተባሉት አራት መድኃኒቶች በአንድ ፍሬ ተዋህደው በየቀኑ ይወሰዳሉ። በቀጣዮቹ አራት ወራት ሪፋምፒሲንና አይሶኒያዚድ ብቻ ይቀጥላሉ። የፍሬው ብዛት በክብደት ይወሰናል፤ ከ40 እስከ 54 ኪሎ የሚመዝን ሰው በቀን ሦስት፣ ከ55 እስከ 70 ኪሎ የሚመዝን ደግሞ አራት ፍሬ ይወስዳል። እዚህ ላይ ትንሽ የምትመስል ነገር ግን ብዙ ሰው የምታስደነግጥ ጉዳይ አለች። ታካሚው እየተሻለው፣ ሥጋ እየለበሰ ሲሄድ የፍሬው ቁጥር ሊጨመርለት ይችላል። ምክንያቱ ያልተነገረው ሰው ይህንን "በሽታዬ ብሶብኛል ማለት ነው" ብሎ ይረዳዋል፤ ጥርጣሬውን ለነርሷ ከመናገር ይልቅ ለጎረቤቱ ይናገራል፤ ጎረቤቱም ሌላ መድኃኒት ይጠቁመዋል።

ከዚያ በፊት ግን የመጀመሪያው ቀን ድንጋጤ አለ። ሪፋምፒሲን ሽንትን፣ ላብንና እንባን ብርቱካንማ ወይም ቀላ ያለ ቀለም ይሰጣቸዋል። ጉዳት የለውም፤ መድኃኒቱ ሲያበቃ ቀለሙም ያበቃል። ይህን በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልሰማ ሰው ግን መድኃኒቱን በጀመረበት ቀን ማታ መጸዳጃ ቤት ገብቶ ደም የሸና ይመስለዋል። ኩላሊቴን ጨረሰው ብሎ መድኃኒቱን በዚያው ቢተው ማን ይፈርድበታል? በሌላ በኩል ደግሞ ይህ ቀለም የከፋ ምልክት ሊሸፍን ይችላል። ሪፋምፒሲን፣ አይሶኒያዚድና ፒራዚናማይድ ሦስቱም ጉበትን ሊጎዱ ይችላሉ፤ ጉበት ሲጎዳም ሽንት ይጠቁራል። ስለዚህ ታካሚው ሽንቱን ሳይሆን የዓይኑን ነጭ ክፍል እንዲያይ ሊነገረው ይገባል። ዓይኑ ቢጫ ከሆነ፣ ማለትም ሕዝቡ የወፍ በሽታ የሚለው ከታየ፣ ወይም ምግብ ጨርሶ ከተጠላና ማስታወኩ ከበረታ፣ ነገ ዛሬ ሳይባል ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል። አረቄና ጠላ በዚህ ጊዜ ጉበቱ ላይ ሌላ ጫና ይጨምራሉ። ጫትም በበኩሉ፣ ለማገገም በሚታገል ሰውነት ላይ የምግብ ፍላጎትንና እንቅልፍን ይቀማል።

ፒራዚናማይድ መገጣጠሚያን ይቆረጥማል፤ አብዛኛውን ጊዜ በቀላል የሕመም ማስታገሻ የሚቻል ነው። አይሶኒያዚድ የእግር መዳፍን ሊያቃጥል ወይም ሊያደነዝዝ ይችላል፤ በተለይ በምግብ እጥረት የተጎዱ፣ ነፍሰ ጡሮች፣ የስኳር ሕመምተኞች፣ ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለና አልኮል የሚያዘወትሩ ሰዎች ይጠቃሉ። መከላከያው ቫይታሚን ቢ6 ነው፤ ርካሽ ነው፤ እንዲህ ርካሽ የሆነ ነገር ባለመሰጠቱ ሰው ሌሊቱን ሙሉ እግሩ ሲነድ ማደሩ ሊያሳፍረን ይገባል። የኢታምቡቶል ጉዳት በተለመደው መጠን ብዙም የማይታይ ቢሆንም ከታየ ግን ዓይን ላይ ነው፤ እይታ ይደበዝዛል፣ ቀይና አረንጓዴን መለየት ያስቸግራል። ሥራው ቀዩን እሸት ቡና ከአረንጓዴው እየለየ መልቀም ለሆነ ሰው ይህ ምልክት ከየትኛውም የሐኪም ጥያቄ በፊት ቅርጫቱ ውስጥ ይታያል። በጎማና በማና ወረዳዎች ላለ ታካሚ "የቡናው ቀለም ተምታታብህ ወይ?" ብሎ መጠየቅ ግድግዳ ላይ ካለው የፊደል ሰሌዳ ባልተናነሰ የሚጠቅም ይመስለኛል።

የሴቶች ጉዳይ ለብቻው መነሣት አለበት። ሪፋምፒሲን በእንክብል የሚወሰደውንና በክንድ ሥር የሚቀበረውን የወሊድ መከላከያ ኃይል ያዳክማል። ይህ ሳይነገራት በሕክምናው መሐል ያረገዘች ሴት በአንድ ችግር ላይ ሌላ ተደረበባት ማለት ነው። ኤች አይ ቪ በደማቸው ውስጥ ላለ ታካሚዎችም እንዲሁ ሪፋምፒሲን ዶሉቴግራቪር የተባለውን የኤች አይ ቪ መድኃኒት መጠን በደም ውስጥ ስለሚቀንስ ያ መድኃኒት በቀን ሁለት ጊዜ እንዲወሰድ ይደረጋል፤ የሚዋጠው ፍሬ ይበዛል፣ የሚደበቀውም እንደዚያው።

ከሁሉም አሳሳች የሆነው ግን ሦስተኛው ወር ነው። ሳሉ ቆሟል፣ የሌሊቱ ላብ ደርቋል፣ ትኩሳት የለም። ታካሚው በሽታው አይሰማውም፤ የሚሰማው መድኃኒቱ ብቻ ነው። በሰውነቱ ውስጥ ግን ቀስ ብለው የሚራቡና አድፍጠው የሚቆዩ ባክቴሪያዎች አሉ፤ ስድስት ወር የሚያስፈልገውም ለእነርሱ ነው። በነሐሴ ሕክምና የጀመረ የቀን ሠራተኛ እዚህ ምዕራፍ ላይ የሚደርሰው በጥቅምት፣ የቡና ለቀማ በሚጀመርበት ወቅት ነው። ጥቅምት፣ ኅዳርና ታኅሣሥ በዚህ አካባቢ የዓመቱ ገንዘብ የሚገኝባቸው ወራት ናቸው። ከሰቃ ጨቆርሳ ገጠር ቀበሌ ለመድኃኒት ጤና ጣቢያ መመላለስ አንድ የለቀማ ቀን ያስቀራል፤ በዚያ ላይ የትራንስፖርት ወጪ አለ። ልጆቹ የትምህርት ቤት ደብተር ይጠብቃሉ፣ አበዳሪው በር ላይ ቆሟል፣ እርሱ ደግሞ ጤነኛ እንደሆነ ይሰማዋል። በእንዲህ ያለ ሒሳብ መድኃኒቱ የሚሸነፍበት ቀን ቢኖር የሚገርም አይደለም።

መድኃኒቱን በጤና ባለሙያ ፊት መዋጥ በኢትዮጵያ በ1992 እ.ኤ.አ. በአርሲና በባሌ በሙከራ ተጀምሮ ወደ መላ አገሪቱ የተስፋፋ አሠራር ነው። የብዙ ሰው ሕይወት ማትረፉ አይካድም። ያም ሆኖ የቤተሰብ ኃላፊ የሆነ ትልቅ ሰው በየማለዳው ተሰልፎ፣ ውኃ ይዞ፣ ሌላ ሰው እያየው ፍሬ ሲውጥ የሚሰማውን መገመት አያዳግትም። ክትትሉን ደጋፊ የሚያደርገው ወይም ወደ ቁጥጥር የሚለውጠው የባለሙያው አቀባበል ነው። "ዛሬስ እንዴት አደሩ፣ ምግብ ገባልዎት?" የሚል ጥያቄ እና "አፍህን ክፈት፣ ውጠሃል?" የሚል ትእዛዝ ሁለቱም አንድ መድኃኒት ያስውጣሉ፤ ታካሚው በማግስቱ የሚመለሰው ግን ወደ መጀመሪያው ነው።

ስለ ምግብ ሲነሣ "በደንብ መመገብ ያስፈልጋል" የሚለው ምክር ለብዙዎች ከምጸት አይለይም። መድኃኒቱ መሥራት ሲጀምር ጠፍቶ የነበረው የምግብ ፍላጎት ይመለሳል፤ ያውም ኃይለኛ ረሃብ ሆኖ። ይህ የመዳን ምልክት ነው፤ ባዶ ቤት ውስጥ ግን ሥቃይ ነው። በሕንድ ጃርካንድ ግዛት ተካሂዶ ውጤቱ በ2023 እ.ኤ.አ. የታተመ ሰፊ ጥናት ለታካሚዎች ቤተሰቦች ምግብ ሲታደል በቤተሰቡ አባላት ላይ የሚከሰተው ቲቢ በ39 በመቶ እንደቀነሰ፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ክብደት የጨመሩ ታካሚዎችም የመሞት ዕድላቸው በእጅጉ ዝቅ እንዳለ አሳይቷል። ምግብ እንግዲህ ከበጎ አድራጎት አልፎ የሕክምናው ክፍል ሆኗል ማለት ነው። በእኛ አካባቢ በቆሎና ጎመን ላይ አንድ እንቁላል መጨመር እንኳ ለብዙ ታካሚ ቤት በጀት ነው።

ጾም የዚሁ ጉዳይ ሌላው ገጽታ ነው። ጅማ ረመዳን ሲገባ የከተማው ሕይወት ሁሉ የሚለወጥባት ከተማ ናት። መድኃኒቱ በባዶ ሆድ ሲወሰድ ይበልጥ ይሠራል፤ የሚሰጠው ግን በሥራ ሰዓት፣ ማለዳ ነው። ሕመምተኛ ከጾም ግዴታ ነጻ መሆኑን ቁርኣን ቢደነግግም "ቤተሰቡ ሁሉ ሲጾም እኔ ብቻዬን እንዴት እበላለሁ፣ ሲያዩኝስ ምን ብዬ እመልሳለሁ?" የሚለው ጭንቀት በድንጋጌ ብቻ አይፈታም። ብዙዎች መታመማቸውን የደበቁት ከዚሁ ቤተሰብ ነውና አለመጾም ምስጢር ማውጣት ይሆናል። በዐቢይ ጾም የሚጾሙ ኦርቶዶክሳውያን ታካሚዎችም ሰውነታቸው ፕሮቲን በሚጠይቅበት ሰዓት ወተትና እንቁላል ያቆማሉ። ከመድኃኒቱ ሰዓት ጋር የሚጣጣም እቅድ ከረመዳን በፊት ከታካሚው ጋር ተነጋግሮ ማውጣት፣ ኢማሙን ወይም የነፍስ አባቱን በታካሚው ፈቃድ ማማከር፣ በመሐል "ለምን ቀረህ?" ብሎ ከመጠየቅ የተሻለ ነው።

ወደ መንፈሱ ጉዳት ስንመጣ ጅማ ውስጥ ነገሩ የሚታየው ቡና ላይ ነው። ጎረቤት የሚገናኘው፣ ወሬ የሚለዋወጠው፣ የተጣላው የሚታረቀው እዚያ ነው። የታመመችው ሴት ግን በየጊዜው ያቺው አፏ የተሸረፈ ሲኒ እንደምትደርሳት ታስተውላለች። ማንም ምንም አላለም፤ ሲኒዋ ግን ለብቻዋ ትታጠባለች፣ ረከቦቱ ላይ ሳይሆን መደርደሪያው ጥግ ላይ ትቀመጣለች። ከዚያ በኋላ ስትጠራ ራሴን አሞኛል ማለት ትጀምራለች። ቲቢ በሲኒ፣ በማንኪያ ወይም በጋራ ገበታ አይተላለፍም፤ የሚተላለፈው በአየር ነው፤ በትክክለኛ መድኃኒት ላይ ያለ ታካሚ የማስተላለፍ አቅሙም አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ በእጅጉ ይወርዳል። የሚያሳዝነው፣ ሲኒውን የሚለየው ያው ቤት "ብርድ ይገባል" ብሎ መስኮቱን ጥርቅም አድርጎ መዝጋቱ ነው። በሚኒባስም የምናየው ይኸው ነው፤ መስኮት የከፈተ ሰው እንደ ጠላት ይታያል። የማይከላከለውን እናደርጋለን፣ የሚከላከለውን እንፈራለን።

ከዚህ በተጨማሪ ቲቢ የያዘው ሁሉ ኤች አይ ቪ አለበት የሚለው ግምት እስከ ዛሬ አልጠፋም። ለትዳር የታጨች ልጅ ወሬው እንዳይወጣ ብላ በሰፈሯ ያለውን ጤና ጣቢያ ትታ ሌላ ወረዳ ድረስ ትሄዳለች፤ የተከራየ ሰው አከራዩ እንዳያስወጣው መድኃኒቱን ከቤት ውጭ ያስቀምጣል። ልጆቹን የሚያቅፍ አባት ደግሞ "እኔ ሳላስይዛቸው አልቀረሁም" በሚል ጸጸት ይብሰለሰላል። በተለያዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ ትንተና ከቲቢ ታካሚዎች ወደ 45 በመቶ የሚሆኑት የድባቴ ምልክት እንደሚታይባቸው አግኝቷል። ድባቴ ያለበት ሰው ደግሞ ነገን ስለማያይ ለነገ የሚወሰድ መድኃኒት አይታየውም።

የሚገርመው የሕክምና ታሪክ ድባቴንና ቲቢን ከተቃራኒው አቅጣጫም አገናኝቷቸዋል። በ1950ዎቹ መጀመሪያ የአይሶኒያዚድ የቅርብ ዘመድ የሆነው አይፕሮኒያዚድ ለቲቢ ሲሞከር የታካሚዎቹን መንፈስ ማነቃቃቱ ታየና ከመጀመሪያዎቹ የድባቴ መድኃኒቶች አንዱ ለመሆን በቃ። አይሶኒያዚድ ራሱ ግን አልፎ አልፎ እንቅልፍ ይነሣል፣ በጥቂት ሰዎች ላይም አእምሮን ያውካል። ስለዚህ ታካሚው "ከራሴ አይደለሁም" ሲል ምንጩ ከሦስት አንዱ ሊሆን ይችላል፤ በሽታው፣ መድኃኒቱ ወይም መገለሉ። ሳይጠይቁ አይታወቅም።

የአንገት እጢ ቲቢ ባለባቸው ሰዎች ላይ ደግሞ ሌላ ፈተና ይታያል። በኢትዮጵያ ከሳንባ ውጭ የሚከሰት ቲቢ ብዙ ነው። እጢው ሕክምናው በተጀመረ በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ ሊያብጥ፣ አዲስም ሊወጣ ይችላል፤ ይህም የሰውነት መከላከያ ነቅቶ የሚያሳየው ምላሽ እንጂ የመድኃኒቱ መክሸፍ ላይሆን ይችላል። አንገት ግን ሁሉም ሰው የሚያየው ቦታ ነው። "ይኸው ባሰበት" የሚለውን የቤተሰብ ፍርድ ችሎ መድኃኒቱን መቀጠል ቀድሞ ለተነገረው ሰው እንኳ ይከብዳል፤ ላልተነገረውማ ወደ ባህል ሐኪም መሄድ የማይቀር ነው።

መድኃኒት የተላመደ ቲቢ የያዛቸው ሰዎች ሸክም ከዚህ ሁሉ ይብሳል። ሕክምናው በኢትዮጵያ በ2009 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ በቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል ሲጀመር ሃያ ወር ገደማ የሚፈጅ ነበር፤ ከዚህም ውስጥ ስምንቱ ወር መርፌ ነበረበት። እንደ ካናማይሲን ያሉት መርፌዎች የብዙዎችን ጆሮ ላይመለስ አደነቆሩ። ሳይክሎሰሪን የተባለው መድኃኒት አንዳንዶችን እስከ ማበድ አደረሰ፤ ክሎፋዚሚን ቆዳን አጠቆረ፤ ቆዳው የጠቆረ ሰው ደግሞ መታመሙን ሊደብቅ አይችልም። ከቲቢ ድነው የልጆቻቸውን ድምፅ ሳይሰሙ የቀሩ ሰዎች በየከተማው አሉ።

ይህ ታሪክ እየተለወጠ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መርፌዎቹን ወደ ጎን ማድረግ ጀመረ፤ በ2022 እ.ኤ.አ. ደግሞ ቤዳኩሊንን፣ ፕሪቶማኒድን፣ ሊኔዞሊድንና ሞክሲፍሎክሳሲንን ያጣመረ የስድስት ወር የእንክብል ሕክምና እንዲሰጥ መከረ። ሕክምናውን ለማሳጠር ከተደረጉት ዓለም አቀፍ ሙከራዎች በአንዱ ኢትዮጵያውያን ታካሚዎችም ተሳትፈዋል። አዲሱ ሕክምናም ግን የራሱ ጣጣ አለው። ሊኔዞሊድ ደም ያሳንሳል፣ የእግርና የዓይን ነርቭ ይጎዳል፤ ቤዳኩሊን የልብ ምት ምርመራ ይፈልጋል። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ለደቡብ ምዕራቡ የአገሪቱ ክፍል የሚያገለግል የቲቢ ላቦራቶሪ ስላለው የዚህ አካባቢ ታካሚ ከብዙ ሌሎች ይሻላል፤ ለኦሞ ናዳ ወይም ለዴዶ ገበሬ ግን ደም ለመመርመር፣ ልብ ለመታየት ጅማ ድረስ መመላለስ በራሱ ሥራ ነው።

መድኃኒቱ በነጻ ቢሰጥም ሕክምናው በነጻ አይገኝም። የዓለም ጤና ድርጅት ቲቢ የአንድን ቤተሰብ ዓመታዊ ገቢ ከ20 በመቶ በላይ ሲበላ አውዳሚ ወጪ ይለዋል፤ በዓለም ደረጃ ከታካሚ ቤተሰቦች ግማሽ ያህሉ እዚያ ይደርሳሉ። በሬ ወይም የቡና ማሳ ተይዞ የተገኘ ብድር ከበሽታው በኋላም ዓመታት ይቆያል። በ2025 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታውን ሲያቋርጥ የዓለም ጤና ድርጅት የቲቢ መርሐ ግብሮች አደጋ ላይ መውደቃቸውን አስጠንቅቋል። በጀት ሲጠብ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚቆረጠው ከመድኃኒቱ ውጭ ያለው ነው፤ የትራንስፖርት ድጎማው፣ ዘይቱና ዱቄቱ፣ የምክር አገልግሎቱ። እነዚህ እንደ ትርፍ መታየታቸው ከመጀመሪያውም ስሕተት እንደነበር ከላይ ያለው ሁሉ የሚያሳይ ይመስለኛል።

ከዚህ ውስጥ ገንዘብ የማይጠይቀው ክፍል ግን ትንሽ አይደለም። ሕክምናው በሚጀመርበት ቀን ከታካሚው ጋር፣ በአፋን ኦሮሞም ሆነ በአማርኛ እርሱ በሚቀናው ቋንቋ፣ ረጋ ብሎ ስለ ሽንቱ ቀለም፣ ስለ ዓይኑ ነጭ፣ ስለ ሦስተኛው ወር አሳሳችነት መነጋገር ለአንድ ነርስ የደቂቃዎች ሥራ ነው። መድኃኒት ሊወስድ በመጣ ቁጥር ስለ እንቅልፉና ስለ መንፈሱ አንድ ሁለት ጥያቄ መጨመርም እንዲሁ። የለቀማ ወቅት ሲደርስ ታካሚው የሚሠራበትን ቀበሌ ጠይቆ እዚያ ባለች የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ በኩል እንዲወስድ ማስተላለፍ ይቻላል፤ ማቋረጡ ከተመዘገበ በኋላ ፈላጊ ከመላክ በእጅጉ ይቀልላል።

ስድስተኛው ወር ሲያልቅ አክታው ንጹሕ ይሆናል፤ መዝገቡ ላይ "ድኗል" ተብሎ ይጻፋል፤ ክትትሉም ያበቃል። ሳንባው ላይ ጠባሳ የቀረበት ሰው ግን ስልሳ ኪሎ ጆንያ ተሸክሞ እንደ ቀድሞው መጋዘን መግባት ያቅተዋል፤ ትንፋሽ ሲያጥረው በሽታው የተመለሰበት እየመሰለው ይሰጋል፤ ሥጋቱን ይዞ የሚሄድበት ክሊኒክ ግን የለውም፤ የቲቢ ክሊኒኩ ጨርሶታልና። ቲቢ ተመልሶ የሚያገረሽበት አጋጣሚም አብዛኛው የሚታየው ሕክምናው ባለቀ በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ ነው። በሦስተኛው፣ በስድስተኛውና በዐሥራ ሁለተኛው ወር አንዳንድ ቀጠሮ ሰጥቶ ክብደቱን መመዘን፣ ሳል እንዳለ መጠየቅ፣ ወደ ሥራው ተመልሶ እንደሆነ ማወቅ አዲስ መሣሪያ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው መዝገቡ ላይ አንድ ተጨማሪ ዓምድና ያንን የሚሞላ ሰው ነው።